አልፍሬድ ኢልግ፦ ለምኒልክ የባቡር መንገድ ያለመው፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ያላየው መሐንዲስ

መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በአንድ ሰነድ ላይ ማኅተማቸውን አሳረፉ። ሰነዱ ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ሐረርን፣ ቀጥሎም እንጦጦን የሚያገናኝ፣ ወደፊት ደግሞ ከፋን አቋርጦ እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት የተሰጠ ፈቃድ ነበር። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነው። ባለፈቃዱ ግን የፈረንሳይም ሆነ የእንግሊዝ መንግሥት፣ ወይም ከአውሮፓ ባንኮች አንዱ አልነበረም። በሰነዱ ላይ የሰፈረው የአንድ ግለሰብ ስም ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ሙሴ ኢልግ እየተባለ የሚጠራ፣ አርባ ዓመት ሊደፍን ሦስት ሳምንት የቀረው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ።

በዚያ ዘመን በአፍሪካ ምድር ሐዲድ የሚዘረጋው በአብዛኛው ቅኝ ገዢው ለራሱ ጥቅም ሲል ነበር። መነሻውንም መድረሻውንም የሚወስነው እርሱ ነው። አንድ አፍሪካዊ ንጉሥ በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ ማኅተሙ፣ ወደ ገዛ ከተማው ባቡር እንዲመጣ ማዘዙ ከተለመደው የወጣ ድፍረት ነበር። የባሕር በር በእጃቸው ያልነበረው ምኒልክ፣ ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ ጌትነት ለመንግሥት ሳይሆን ለሚያምኑት ሰው መስጠታቸው በጥንቃቄ የታሰበበት ብልሃት ይመስላል። ብልሃቱ የከሸፈበት መንገድ ነው የኢልግን የሕይወት ታሪክ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ያደረገው።

ከፍራወንፌልድ እስከ አንኮበር

አልፍሬድ ኢልግ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በፍራወንፌልድ ከተማ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1870ዎቹ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተማረ። ያቺ ትንሽ አገር በዚያን ጊዜ የተራራ ባቡር ትምህርት ቤት ነበረች ማለት ይቻላል። የሪጊን ተራራ በጥርሳም ሐዲድ እየተናነቀ የሚወጣው ባቡር ሥራ የጀመረው በ1871 ነው። አልፕስን ከሥር የሚበሳው የጎትሃርድ ዋሻ ቁፋሮም በ1872 ተጀመረ። ስዊዘርላንድም እንደ ሸዋ ተራራማ ናት፤ የባሕር በር የላትም። የዙሪክ ወጣት መሐንዲሶች ተራራ መንገድን የሚከለክል ግድግዳ ሳይሆን ተሰልቶ የሚወጣ ነገር መሆኑን እየተማሩ ያደጉ ናቸው።

በዚሁ ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አውሮፓዊ የእጅ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ፍላጎታቸው በኤደን ወደብ በሚነግዱ ስዊዘርላንዳውያን በኩል ዙሪክ ደረሰ። ኢልግ ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር በ1878 ጉዞ ጀመረ፤ ከባሕር ዳርቻው በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ ዘመኑ ተለውጦ 1879 ገብቶ ነበር። ያ ጉዞ ራሱ የመጀመሪያ ትምህርቱ ሳይሆን አልቀረም። ግመል የሚጫንበት ቦታ፣ ግመል የሚቆምበት ቦታ፣ ጭነት ወደ በቅሎና ወደ አህያ የሚዛወርበት የተራራ ሥር፣ ውኃ የሚገኝበትና የማይገኝበት መንገድ፦ ከዓመታት በኋላ ሐዲዱ የሚገጥመውን ችግር ሁሉ ወጣቱ በእግሩና በበቅሎ ጀርባ ቀድሞ አይቶታል።

ስለ ቤተ መንግሥት አገባቡ የሚተረክ ወግ አለ። ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር ይባላል። መሐንዲሱ ጫማ ሰፊ አለመሆኑን ቢያስረዳም ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ሠርቶ አቀረበ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ጠመንጃ ከአውሮፓ ገዝቶ ማምጣት እንደሚቀል ቢናገርም ሠርቶ አስረከበ። ወጉ በብዙ አፍ ሲዞር ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሁለቱን ሰዎች ግንኙነት ጠባይ በሚገባ ይገልጻል። ምኒልክ ሰውን የሚመዝኑት በዲፕሎማው ሳይሆን በእጁ ሥራ ነበር። ኢልግም በእጁ መሥራት አልናቀም።

በ1880ዎቹ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። ፋብሪካ በሌለበት፣ ምስማር እንኳ በአንጥረኛ መዶሻ በሚቀጠቀጥበት፣ እንጨቱ በሰው ትከሻ በሚጓጓዝበት አገር ድልድይ መሥራት ከስሌት ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በ1890ዎቹ ደግሞ ከእንጦጦ ሥር ውኃ በቧንቧ ስቦ ቤተ መንግሥቱ ግቢ አስገባ። ቧንቧው ቁልቁለቱን ወርዶ ሸለቆውን ከተሻገረ በኋላ ውኃው እንደገና ሽቅብ ወጥቶ በጉብታው ላይ ሲፈስ የአዲስ አበባ ሰው ጉድ አለ። የግፊት ሕግ ለሚያውቅ ነገሩ ተራ ነው፤ ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ አይቶ ለማያውቅ ግን ከዚያ ወዲያ ባቡር ተራራ ይወጣል ቢሉት ለማመን አይከብደውም።

ኢልግ አማርኛ ተናጋሪ ሆነ፤ በምኒልክ ቤት ያለውም ድርሻ ከመዶሻ ወደ ብዕር ተሻገረ። ሐረር ላይ ይነግድ ከነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች በአብዛኛው የንግድ ናቸው፤ ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ቅፍለት መዘግየት የሚያወሱ። ቅኔ የሚፈልግ አንባቢ ያዝንባቸዋል፤ የመንገድ ችግርን ለማወቅ የሚፈልግ ግን ከእነርሱ የተሻለ ምስክር አያገኝም። በፓሪስ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የፖስታ ቴምብሮችና የምኒልክ ምስል ያለባቸው የብር ገንዘቦች ሲዘጋጁም የኢልግ እጅ ነበረበት። ቴምብር፣ ገንዘብ፣ ባቡር፦ ሦስቱም በዚያው በ1894 አካባቢ አንድ ላይ መምጣታቸው በአጋጣሚ አይደለም። ምኒልክ አገራቸው ሌሎች መንግሥታት በሚያውቁት መልክ መንግሥት ሆና እንድትታይ ይፈልጉ ነበር።

ለምን ባቡር?

ከባሕር ዳርቻው እስከ ሸዋ በቅፍለት ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር፤ የበረሃው ሙቀት፣ የወንዝ ሙላት ወይም የግመል እጦት ከተጨመረበት ደግሞ ወራት። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ወደ ውጭ፣ ጨርቅና መሣሪያ ወደ ውስጥ የሚዘልቁት በዚህ መንገድ ነው። ከ1888 እስከ 1892 ባለው ጊዜ የከብት እልቂትና ረኃብ አገሩን ሲመታ፣ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ በሚጠራው በዚያ ወቅት፣ እህል ካለበት ወደሌለበት የሚያደርስ አቅም አለመኖሩ በግልጽ ታይቷል። ምኒልክ ስለ ባቡር ሲያስቡ ይህ ትዝታ በአእምሯቸው አልነበረም ለማለት ይከብዳል።

ሌላው ምክንያት የፖለቲካ ነው። ምጽዋና አሰብ በጣሊያን እጅ፣ ዘይላ በእንግሊዝ እጅ ነበሩ። ከውጫሌ ውል ጠብ በኋላ ጣሊያን ጠላት መሆኑ ግልጽ ሆነ። ፈረንሳዮች በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ አዲስ ያቋቋሟት ጅቡቲ የተሻለች አማራጭ ሆና ታየች። ጅቡቲ ጥልቅ ወደብ አላት፤ ፈረንሳይ ደግሞ በዚያን ሰዓት ኢትዮጵያን ከመያዝ ይልቅ እንግሊዝንና ጣሊያንን ማናደድ ይበልጥ የሚያስደስታት መንግሥት ነበረች።

ኢልግ የባቡሩን ሐሳብ ለዓመታት ሲያብላላ ቆይቷል። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ብቻ በነበሩ ጊዜ ግን ከሐረር እስከ እንጦጦ ያለውን ምድር ሁሉ የሚያዝ ሥልጣን አልነበራቸውም። ሐረር በ1887 ተያዘች፤ ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ መንገዱ ተከፈተ። ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ኢልግ በሸዋ ለረጅም ጊዜ ከኖረው ፈረንሳዊ ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ሆኖ በ1896 በፓሪስ ኩባንያ አቋቋመ። ስሙም የኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የምድር ባቡር ኩባንያ ተባለ። ፈረንሳይም በዚያው ዓመት ሐዲዱ በግዛቷ እንዲያልፍ ፈቀደች።

ዓድዋ የሆነውም በዚያው ዓመት ነው። ድሉ የአውሮፓን መንግሥታት ልዑካን ወደ አዲስ አበባ አጎረፈ። በ1897 የፈረንሳይም የእንግሊዝም መልእክተኞች በተከታታይ ሲመጡ ምኒልክ ኢልግን በክቡርነት ማዕረግ የመንግሥት አማካሪያቸው አድርገው ሾሙት፤ ድርድሩ በአብዛኛው በእርሱ በኩል ያልፍ ጀመር። ጫማ ሠርቶ የገባው ሰው አሁን የውጭ ጉዳይ አማካሪ ነው። ልብ ማለት የሚገባው ነገር ግን አለ። ይኸው ሰው የባቡር ኩባንያው ባለፈቃድም ነበር። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱን ጥቅም የሚያስጠብቅ፣ በሌላ በኩል የኩባንያውን ጥቅም የሚፈልግ ሰው ከጠረጴዛው ከሁለቱም ወገን ተቀምጧል። ኢልግን የሚያመሰግኑ ጸሐፊዎች ይህን ብዙውን ጊዜ በዝምታ ያልፉታል። እኔ ሆን ብሎ አጭበረበረ የሚያሰኝ ነገር አይታየኝም፤ ነገር ግን አደጋው ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚያ ወንበር ሥር ተቀምጦ ነበር።

በረሃው፣ ምስጡ፣ ገደሉ

ግንባታው በጥቅምት 1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሜዳ ሥራውን የመሩት ፈረንሳዊ መሐንዲሶች ናቸው፤ ኢልግ ቀኑን የሚያሳልፈው አዲስ አበባና አውሮፓ ነበር። ሐሳቡና ፈቃዱ ግን የእርሱ ነው፤ የተመረጠው አሠራርም የተራራ አገር ትምህርት ያለበት ነው።

በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። በአውሮፓ ከተለመደው ወርድ ወደ ግማሽ ሜትር ገደማ ይጠባል። ጠባብ ሐዲድ ፍጥነትና የጭነት መጠን ይቀንሳል፤ በምላሹ ግን በጠባብ ኩርባ መዞር ይችላል። ኮረብታ ሲገጥመው ከመብሳት ይልቅ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ያባብላል፤ ድልድዩም ቀላል፣ የመሬት ቆረጣውም ትንሽ ይሆናል። ገንዘብ ለሌለው ኩባንያና ተራራ ለበዛበት አገር የተሰፋ ልብስ ነው። ባቡሩ ከባሕር ወለል ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ነበረበት፤ ያውም እንደ ሪጊ ባቡር ጥርስ ሳይጠቀም፣ በብረት መንኮራኩርና በብረት ሐዲድ መካከል ባለው ፍትጊያ ብቻ። ስለዚህ የዳገቱ ጥምዘዛ በጥንቃቄ መሰላት ነበረበት። ዝናብ ሐዲዱን ሲያርሰው መንኮራኩሩ ባለበት እየተሽከረከረ ባቡሩ አልንቀሳቀስም እንዳይል፣ ሐዲዱ ላይ አሸዋ የሚረጭ መሣሪያ ሎኮሞቲቭ ሁሉ ይይዛል።

ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙት ደግሞ እንጨት ሳይሆኑ ብረት ናቸው። ምክንያቱ ምስጥ ነው። በዚያ ቆላ የተጋደመ እንጨት ለምስጥ ግብዣ እንደማቅረብ ይቆጠራል፤ ከምስጥ የተረፈውን ደግሞ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። በጣቢያዎቹ መካከል ያለውን ርቀት የወሰነው በአብዛኛው ውኃ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንደ ግመል አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ ይጠማዋል። የጉድጓድ ውኃም ጨዋማ ከሆነ የማፍያ ጋኑን ይበላዋል። አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አዲጋላ የመሰሉ ስሞች ወደ ባቡር መንገደኛ ጆሮ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጅቡቲ ብዙ ሳይርቅ የመጀመሪያው ከባድ ፈተና መጣ። ዓመቱን ሙሉ ደርቀው የሚከርሙ ሸለቆዎች ደጋ ላይ ዝናብ ሲጥል በሰዓታት ውስጥ ደራሽ ውኃ ይሞላቸዋል። ሐዲዱን በሸለቆው ወለል ማሳለፍ በየክረምቱ እንደገና ከመሥራት አይለይም። በሆልሆል ሸለቆ ላይ ከመቶ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በረጃጅም የድንጋይና የብረት ምሰሶዎች የቆመ ድልድይ ተዘረጋ። እያንዳንዱ የብረት ቁራጭ ከአውሮፓ በመርከብ መጥቶ በሐዲዱ ጫፍ ተጭኖ የተገጠመ ነው። ሐዲዱ የራሱን ዕቃ እየተሸከመ ወደ ፊት ይሳባል።

የሰው ዋጋም ነበር። ግንበኞቹና ቆፋሪዎቹ ከየመን፣ ከሶማሌ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከጣሊያን፣ ከግሪክ የመጡ ነበሩ። ሙቀቱና በሽታው ብዙዎችን አስቀርቷል። በኢሳና በአፋር ምድር ካምፖች ተጠቁ፤ የስልክ ሽቦ ተቆረጠ፤ ሰው ሞተ። የኩባንያው ሰዎች ይህን ሽፍትነት ብለው ጻፉት። ነገር ግን ለዘመናት ቅፍለት በማጀብና ግመል በማከራየት የኖረ ሕዝብ፣ ግጦሹን ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ኪራዩንም የሚነጥቅ ነገር ሲመጣ ዝም ብሎ እንዲያይ መጠበቅ የዋህነት ነው። ኩባንያው በመጨረሻ ለጎሳ መሪዎች ክፍያ እየሰጠ መግባባትን መረጠ።

ሐረር የቀረችበት ውሳኔ

ከዚያ በኋላ የጨርጨርና የሐረር ተራሮች መጡ። በፈቃዱ ሰነድ መሠረት የመጀመሪያው ምዕራፍ መድረሻ ሐረር ናት። ከሥሩ ሆኖ ሲታይ ግን ሐረር መውጣት ማለት በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ1,200 ሜትር ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነውን የደንገጎን በር መሻገር ነው። ይህ ይቻላል፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከዚህ የባሰ ተሠርቷል። ነገር ግን ዋሻና ረጅም ጥምዝምዝ ይፈልጋል፤ ዋሻ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ደግሞ አልቋል። የኩባንያው አክሲዮን በፓሪስ ገበያ እንደታሰበው አልተሸጠም፤ የበረሃውም ወጪ ከግምቱ አልፏል።

ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ከመውጣት ይልቅ ሥሩን ተከትሎ በቆላው እንዲቀጥል ተወሰነ። በታኅሣሥ 1902፣ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ደቻቱ ከሚባለው የአሸዋ ወንዝ ዳር ባቡሩ ቆመ። ቦታው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ በኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ከዚያ በፊት ከባሕር የመጣ ግመል ጭነቱን የሚያራግፈው በተራራው ሥር ባለችው ጅልዴሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱ የበቅሎና የአህያ ነው። ባቡሩም ግመሉ ከቆመበት ብዙ ሳይርቅ ቆመ። ጅልዴሳ ገበያዋን አጣች፤ ሐረር የዘመናት የንግድ እምብርትነቷን ቀስ በቀስ ለቆላዋ ታናሽ እህቷ አስረከበች። ድሬዳዋ ውስጥ ጥርጊያ መንገዶች፣ ዛፍ የተተከለባቸው ጎዳናዎች፣ ሎኮሞቲቭ የሚጠገንበት ትልቅ ወርክሾፕ ተሠሩ፤ ፈረንሳይኛ ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከሶማሊኛና ከዐረብኛ ጋር ተቀላቅሎ የሚነገርበት የሠራተኞች ባሕል በቀለ። ፉርጎ የመሰለው ቃል በአማርኛችን የቀረው ከዚያ የባቡር ዓለም ነው።

ምኒልክ በምረቃው አልተገኙም። የቀሩትም በሙቀቱ ምክንያት አልነበረም።

ወረቀቱ ከእጅ ሲወጣ

ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ በ1900 እና በ1901 የእንግሊዝ ባለሀብቶችን ማስገባት ጀመረ። ይህ ፓሪስ ውስጥ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ በፈረንሳይ ወደብ የሚጀምር ሐዲድ በለንደን ገንዘብ እጅ ሊወድቅ ነው ተባለ። የፈረንሳይ መንግሥት ጣልቃ ገባ። በየካቲት 1902 ከኩባንያው ጋር በተፈረመው ስምምነት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመታት ሊደጉም ቃል ገባ፤ በለውጡም በኩባንያው ላይ ሰፊ የቁጥጥር መብት አገኘ።

ምኒልክ ይህን ሲሰሙ የሆነው ነገር ግልጽ ነበር። ለአንድ ሰው የሰጡት ፈቃድ በገበያ መንገድ ዞሮ በውጭ መንግሥት እጅ ገብቷል። ያውም ሐዲዱ የሚያልፈው በእርሳቸው ምድር፣ የሚያመራውም ወደ እርሳቸው ዋና ከተማ ሲሆን፣ እርሳቸው ሳይጠየቁ። ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዲቀጥል የሚያስፈልገውን ፈቃድ ያዙ። ባቡሩ ለዓመታት በተራራው ሥር ቆሞ ቀረ። ከፊሉ መንገድ ብቻ የተሠራለት፣ ትርፍ የማያስገባ ኩባንያ በ1907 ከሰረ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ደግሞ በታኅሣሥ 1906 ኢትዮጵያ ተካፋይ ባልሆነችበት ውል የአገሪቱን ምድር በጥቅም ክልል ሲከፋፈሉ ባቡሮችንም አብረው ተከፋፈሉ። አዲስ አበባ የሚገባው ሐዲድ ለፈረንሳይ ደረሰ። ምኒልክ ውሉ በሉዓላዊ ሥልጣናቸው ላይ አንዳች እንደማያስከትል ለሦስቱም አሳወቁ።

ኢልግ በዚህ ሁሉ መካከል የት ነበር? በመሐል። እንግሊዞችና ጣሊያኖች የፈረንሳይ ሰው አድርገው ያዩታል፤ ፈረንሳዮች በበኩላቸው እንግሊዝን ያስገባ አድርገው ይጠረጥሩታል። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድም የነበረው ተሰሚነት እየሳሳ ሄደ። ምኒልክ አባብለውና አዘግይተው አንዱን የአውሮፓ መንግሥት በሌላው የሚያስጥሉ መሪ ነበሩ፤ አማካሪያቸው ግን ካፒታል ከየትም ይምጣ ሥራው ያልቃል ብሎ የሚያምን መሐንዲስ ነበር። በእኔ ግምት የኢልግ ስህተት ዳገቱን ሳይሆን ገንዘቡን አለመስላቱ ነው። የአንድ ሜትር ሐዲድ ስንት ቶን እንደሚሸከም ያውቃል፤ አንድ አክሲዮን ሲሸጥ ምን አብሮ እንደሚሸጥ ግን አልታየውም።

በ1895 ያገባት ፋኒ ጋቲከርና ልጆቹ አብረውት በአዲስ አበባ ኖረዋል። በ1906 አገሩ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሥልጣኑን ለቀቀ። በምኒልክ ቤት 27 ዓመት ያህል አገልግሏል። የሰበሰባቸው ዕቃዎችና ያነሳቸው ፎቶግራፎች በዙሪክ የብሔረሰቦች ሙዚየም ይገኛሉ፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ምን ትመስል እንደነበር ለሚያጠኑ ሰዎች ትልቅ ሀብት ናቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1913 ዐረፉ። ኢልግ ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዙሪኩ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ኮንራድ ኬለር የሕይወት ታሪኩን አሳተመ።

ከእርሱ በኋላ

ሐዲዱ በአዲስ ፈቃድና በአዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥር ጉዞውን ቀጥሎ ነበር። የአዋሽን ጥልቅ ገደል በብረት ድልድይ ተሻገረ፤ ከዚያ በመተሐራ፣ በሞጆና በአቃቂ በኩል ዳገቱን ወጥቶ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ኢልግ ከሞተ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልሞላም ነበር። በቅፍለት ከወር በላይ የሚፈጀው ጉዞ ሦስት ቀን ሆነ፤ ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። የአዋሽ ቡፌ የሚባለው ማረፊያ የተሠራው ለእነዚያ ሌሊቶች ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ፤ ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም ለገሀር የሚለው የሰፈር ስም ወጣ።

ምኒልክ የፈሩትም፣ ኢልግ ተስፋ ያደረገውም በዚያው ሐዲድ ላይ ተፈራርቀው ታዩ። በአዲስ አበባና በባሕሩ መካከል ያሉ ከተሞች፣ አዳማን ጨምሮ፣ ያደጉት በባቡሩ ነው። በግንቦት 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። በ1941 ጣሊያኖች ሲሸሹ የአዋሽን ድልድይ አፈረሱት። በ1977 እና በ1978 የኦጋዴን ጦርነት ሐዲዱ ተቆረጠ። በጥር 1985 በአዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ በፍጥነት የገባ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ለዝግተኛ ጉዞ የተሰላ ጠባብ ኩርባ ለፍጥነት ምሕረት የለውም። ኩባንያው በ1959 ዋና መሥሪያ ቤቱን ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ አዞረ፤ ከጅቡቲ ነፃነት በኋላ በ1981 የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆነ። ያኔ ምኒልክ ማኅተማቸውን ካሳረፉ 87 ዓመት አልፏል።

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው መስመር ጉዞ በ2000ዎቹ መጨረሻ ቆመ። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው፣ ወርዱ ሰፊ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲሱ መስመር በጥቅምት 2016 ተመርቋል። እርሱ ተራራን አያባብልም፤ ቆርጦና ሞልቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ እምብርት ርቀው ተሠርተዋል። የአሮጌው ሐዲድ ብዙ ክፍል ተነቅሏል ወይም አፈር ለብሷል። የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ አለ፤ ዙሪያውን ግን አዳዲስ ፎቆች እየከበቡት ነው። የድሬዳዋ ወርክሾፕ ከነመዘውሮቹና ከነአሮጌ ሎኮሞቲቮቹ ቆሟል፤ ማሽኖቹን ድምፃቸውን ሰምተው ብቻ ብልሽታቸውን የሚያውቁት ጡረተኞች ቁጥር ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። ሕንፃ ሊታጠር ይችላል፤ ያ እውቀት ግን ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

አዲሱም መስመር ቢሆን እንደ አሮጌው ሐረርን ሳይነካ በቆላው ያልፋል። በ1894ቱ ሰነድ የመጀመሪያዋ መድረሻ ተብላ የተጻፈችው ከተማ እስከ ዛሬ ባቡር አልገባባትም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ሚኒባስ ተሳፍሮ የደንገጎን ጥምዝምዝ ይወጣል።